ጆሮዬ ደህና ነበር

በአንድ ዓመት ውስጥ ቅዱስ ተብያለሁ፤ ደንቆሮም ተብያለሁ። ሁለቱንም ያሉኝ እነዚያው ሰዎች ናቸው። በሽተኛ ነው የሚለኝ ግን ለብዙ ጊዜ ጠፋ። ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ አልደብቅም። ንዴቴ ለአንድ ሌላ ሰው ከጠቀመ ደግ፤ ካልጠቀመም ለእኔ ይወጣልኛል።

ሥራዬ ድጓ ማስተማር ነው። ከአርብ ገበያ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ደብር ወንበር ተክዬ፣ ከጋይንትም ከስማዳም ከእስቴም የሚመጡ ተማሪዎችን ዜማ አስተምራለሁ። ለማያውቅ ልንገር፤ ድጓ የዓመቱ የቤተ ክርስቲያን ዜማ የተሰበሰበበት መጽሐፍ ነው። ድምፁ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚወድቅ፣ የት እንደሚንቀጠቀጥ የሚያሳዩ ጥቃቅን ምልክቶች ከየቃሉ በላይ ተጽፈዋል። ተማሪው ግን ዜማውን የሚይዘው ከመምህሩ አፍ ነው፤ መምህሩም የሚያርመው በጆሮው ነው። ተማሪው ሲበቃ “ሂድ፣ አስመስክር” ብዬ የድጓ ምስክር ወደሚሰጥባት የጋይንት ደብር፣ ወደ ቤተ ልሔም እሰደዋለሁ፤ እዚያ ያሉት ሊቃውንት ሰምተው ይመሰክሩለታል። እንግዲህ ጆሮዬ ከሄደ ወንበሬም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ነገሩ የጀመረው ጥር ላይ፣ ገብሱ ተወቅቶ ከገባ በኋላ ነው። ጠዋት ዲያቆን ደምስ የሚባለው ተማሪዬ ፊቴ ተቀምጦ ያዜማል። ደምስ የስማዳ ልጅ ነው፤ ብዙ ዓመት ደክሞ ለምስክር የተቃረበ ጎልማሳ። መጀመሪያ ራሴን አዞረኝና ግድግዳውን ተደገፍሁ። ቀና ስል የደምስ አፍ ይንቀሳቀሳል፤ የሚወጣው ግን ዜማ አይደለም፣ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ያለ ነገር ነው። “ምን ሆነሃል?” አልሁት። መለሰልኝ፤ መልሱም ያው ዝናብ ነው።

ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ የሺ አንድ ነገር ተናገረች፤ ዝናብ። ውሻው ጮኸ፤ ዝናብ። “ድምፅሽ ይሰማኛል፤ የምትይው ግን አይገባኝም” አልኋት። አንደበቴ አልተያዘም፤ እጄ አልዛለም፤ አፌ አልተጣመመም። ጉዳዩን ያበላሸው ይኸው ነው። ወድቄ ቢሆን፣ አፌም ተጣምሞ ቢሆን ኖሮ በቃሬዛ ይዘውኝ ይሮጡ ነበር።

በማግሥቱ እሑድ ማኅሌት ቆምሁ። የራሴ ድምፅ ለራሴ ባዕድ ሆኖብኛል፤ ቢሆንም ያን ዜማ ከልጅነቴ ጀምሮ ጉሮሮዬ ስለሚያውቀው መንገዱን አልሳተም። አንዲት ነጥብ ሳላጓድል ዘለቅሁት። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሊያነጋግረኝ ሲመጣ ደግሞ ምን እንዳለኝ ስለማላውቅ ዝም እላለሁ። የደብሩ አስተዳዳሪ አለቃ ይኄይስ ይህን ሁለቱን ነገር አይተው፣ በሊቅነታቸው መርምረው፣ ፍርድ ሰጡ። ምን እንዳሉ የሺ የነገረችኝ ኋላ ላይ ነው።

“መሪጌታ አርምሞ ይዘዋል” አሉ። አርምሞ ማለት መነኮሳት ለጸሎት ሲሉ ከሰው ጋር መነጋገርን የሚተዉበት ሥርዓት ነው። “ለእግዚአብሔር ሲሆን ያዜማሉ፤ ለዓለም ወሬ ግን ጆሯቸውን ዘግተዋል። አታስቸግሯቸው!”

አላስቸገሩኝም። ጧፍ ያመጡልኝ ጀመር። መንገድ ላይ ጎንበስ እያሉ ጉልበቴን ይስማሉ። አንዲት ሴትዮ የታመመ ሕፃኗን አምጥታ እግሬ ሥር አስቀመጠችው። “እኔ ራሴ አሞኛል፤ ሐኪም ዘንድ ውሰዱኝ!” ብዬ ጮኽሁ። እሷ ዕንባዋ ፈሰሰ። ለካ አጠገቧ የቆመው ቄስ “ትሕትናቸውን እዪልኝ” ብሏት ኖሯል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ መች ደበቅሁ? አሞኛል እያልሁ እየጮኽሁ የማልታመን በሽተኛ ነበርሁ።

ያቺ የኔ የሺ ግን አርምሞ የሚለውን አልተቀበለችም። የእሷ ሐሳብ ከዚህ የከፋ ነበር፤ “የምትይው አይገባኝም” ማለቴን እንደ ኩርፊያ ቆጥራ፣ የተቀየምኋት መስሏታል። ታናግረኛለች፤ ፊቷን አያለሁ እንጂ አልመልስላትም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እሷም መናገር ተወች። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ሆነን ወጥና እንጀራ በምልክት እንቀባበል ነበር። ያን ጊዜ ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ያዳነችኝ ልጄ መዓዛ ናት። ንፋስ መውጫ ከተማ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ስትደውልልኝ ስልኩን አንሥቼ “አይሰማኝም” እያልሁ ስዘጋባት ሰነበትሁ፤ ጨነቃትና መጣች። በር ላይ ቆማ ጥቂት አየችኝ። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ጻፈችበትና ዓይኔ ሥር አመጣችው። “አባዬ፣ ምን ሆነው ነው?” ይላል። አንብቤ እንደ ሕፃን አለቀስሁ። ደብሩ ሙሉ የተማረ ሰው ነው፤ ብራና የሚዳምጥ፣ ቀለም የሚበጠብጥ፣ ክታብ የሚጽፍ ሞልቷል። ከዚያ ሁሉ ጸሐፊ መካከል “ምን ሆነው ነው?” ብሎ አንድ መስመር የጻፈልኝ አልተገኘም! እኔም ብሆን በድንጋጤ “ጻፉልኝ” ማለት አልታሰበኝም።

ንፋስ መውጫ ወሰደችኝ። መጀመሪያ የገባንበት ክሊኒክ ያለው ሰው ጆሮዬን በባትሪ አየና “ቆሻሻ ይዟል” ብሎ አጠበኝ፤ ጠብታም ሰጠኝ። ሁለተኛው ክሊኒክ “የውስጥ ጆሮ ቁስለት ነው” ብሎ ክኒን አዘዘ። ክኒኑ ሆዴን አመመኝ እንጂ ለጆሮዬ ምንም አልፈየደም። ከዚያ የየሺ ዘመዶች ጠበል ይሻላል አሉ። ጠበልን አልነቅፍም፤ አባቶቼ የተፈወሱበት ነው። የማዝነው በሆነው ነገር ነው። አጥማቂው በመስቀሉ እየዳበሱ “ማነህ? ስምህን ተናገር!” ይላሉ፤ ለመንፈሱ መሆኑ ነው። እኔ ምን እንደሚሉ በምን ዐውቄ? ዝም አልሁ። ዝም ባልሁ ቁጥር “ግትር ነው” እያሉ ጠበሉን ይጨምሩብኛል። በመጨረሻ ብርዱ ሲብስብኝ “መሪጌታ ነኝ! ልብሴን ስጡኝ!” አልሁ። ጠበልተኛው ሁሉ እልል አለ፤ መንፈሱ የተናገረ መስሏቸው።

ከዚያ የመስማት ምርመራ ወደሚደረግበት ሌላ ከተማ ሄድን። እዚያ ያለውን መጠበቂያ ክፍል አልረሳውም። የጆሮ በሽተኞች ተኮልኩለናል፤ ነርሷ በሩ ላይ ብቅ ትልና ስም ትጠራለች፣ በአፏ! የጆሮ በሽተኛን በአፍ ጠርቶ ያልመጣውን “የለም” ብሎ የሚያልፍ አሠራር ማን እንዳመጣው እግዚአብሔር ይወቅ። መዓዛ ውኃ ልትገዛ ወጣ ባለችበት ተራዬ አለፈ። ከኋላዬ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ፣ እሱም የሚሰማው በግራ ጆሮው ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ስም በተጠራ ቁጥር ካርዴን አየት እያደረገ ክርኔን ሊነካኝ ይዘጋጅ ነበር። ስሙን አላወቅሁም፤ እግዚአብሔር ዕድሜውን ያርዝምለት።

ምርመራው ቀላል ነው። ድምፅ ሲሰማህ ቁልፍ ትጫናለህ። ተጫንሁ። ቀጭኑም ወፍራሙም ይሰማኛል። ባለሙያው ሲጨርስ ለመዓዛ ሣቅ ብሎ ነገራት፤ እሷ ጻፈችልኝ፦ “ጆሮዎ ከእሱ ጆሮ ይሻላል ይላል። ጭንቀት ይሆናል ይላል።” የጭንቀት ክኒን ተሰጠኝ። ያ ክኒን እያንገላጀጀ ያስተኛኝ ነበር፤ ስነቃ ዓለም ያው ዝናብ ነው። ወሬው አገር ቤት ደረሰና “ጆሮው ደህና ነው አሉ፤ አውቆ ነው” ማለት ተጀመረ። የሺ ይህን ስትሰማ ምን እንደተሰማት አስቡት።

መዓዛ ግን አልተወችውም። ባሏ “ትምህርት ቤቱ ሊያባርርሽ ነው፤ አባትሽ እንደሆኑ አይሰሙሽም” ቢላት “አይሰሙኝም ማለት አያነቡኝም ማለት አይደለም” አለችው። ባሕር ዳር ወሰደችኝ። እዚያ ሐኪሟ ዘንድ ከመግባቴ በፊት አንዲት ነርስ ክንዴን በጨርቅ ጠቅልላ የደም ግፊቴን ለካች። ቁጥሩን አየች፤ ደግማ ለካች፤ ተነሥታ ሮጠች። ያን ሁሉ ወራት ጆሮዬን በባትሪ ሲያዩ፣ ሲያጥቡ፣ ሲያንጠባጥቡ፣ አንድም ሰው ክንዴን አልለካም! ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ሌላውን ብትረሱት እንኳ ይህን አትርሱ፤ በሄዳችሁበት ሁሉ “ግፊቴን ለኩኝ” በሉ። አይጠይቋችሁም፤ እናንተ ጠይቁ።

ሐኪሟ የአንጎል ሐኪም ናት፤ ገና ወጣት። የራስ ቅልን ከውስጥ የሚያሳይ ትልቅ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው ፎቶ አነሡኝ። ፎቶውን አሳየችኝና ወረቀት ላይ በጉልህ ፊደል ጻፈችልኝ። “መሪጌታ፣ ጆሮዎ ደህና ነው። ጆሮ ድምፁን ያስገባል፤ ድምፁን ቃል የሚያደርገው፣ ዜማ የሚያደርገው አንጎል ነው። በግፊቱ ምክንያት ትንንሽ የደም ሥሮች ተደፍነው፣ በግራም በቀኝም ይህን ሥራ የሚሠራው ቦታ ተጎድቷል። አላበዱም፤ አውቀውም አላደረጉትም።” የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኋት። መዓዛን “ይችን ለእናትሽ አንብቢላት” አልኋት።

ሐኪሟ ተስፋ እንዳለ ነገረችኝ። አንጎል ድምፅ መለየትን እንደገና ሊማር ይችላል፤ ልጅ ሳለን እንደተማረው ማለት ነው፤ ግን ልምምድ ይፈልጋል። የግፊቱን መድኃኒት እየወሰድሁ፣ አንድ ልምምድ የሚያሠራ ወጣት ዘንድ መመላለስ ጀመርሁ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ይደረጋል፤ ሁለት ድምፅ ይመጣል፤ አንድ ዓይነት ናቸው ወይስ ይለያያሉ? “በ” እና “ደ”፣ “ተ” እና “ጠ”። ለእኔ ሁሉም ያው ነው። እየገመትሁ እጫናለሁ።

እዚያ ነው ወይዘሮ አንጓችን ያገኘኋቸው። ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ የመጡ ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ሕመማችን አንድ ዓይነት ነው። አብረን ጀመርን። እሳቸው በጥቂት ሳምንት ፊደሉን ለዩት፤ ቃሉን ለዩት፤ ከልጃቸው ጋር በስልክ ማውራት ጀመሩ። እኔ አሁንም “በ” እና “ደ” ላይ ነኝ። አንድ ቀን ወጣቱ አሠልጣኝ ታክቶት ይመስለኛል፣ ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፦ “እሷ በአጭር ጊዜ ለየች። አንተ ትኩረት የለህም። ጥረት አድርግ።”

“አንተ” የሚለውን አያችሁ? ሽበቴን አላየም፣ ጥምጣሜን አላየም። ተናግሮት ቢሆን ዝናብ ሆኖ ያልፍ ነበር፤ ጽፎታልና አነበብሁት። ይህስ ይሁን፤ የባሰው “ትኩረት የለህም” ያለው ነው። ተነሣሁና ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ተናገርሁት። “ልጄ፣ እኔ ዕድሜ ልኬን ሰው ድምፅ እንዲለይ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝ። አንዱ ተማሪ የሰማውን ወዲያው ይይዘዋል፤ ሌላው ክረምት ከበጋ ይታገለዋል። ሁለቱም እኩል ይተጋሉ፤ ሁለቱም እኩል ይራባሉ። የዘገየውን ሰነፍ የሚል መምህር ከእኛ ዘንድ ወንበር አይሰጠውም። አንተ ይህን ሳታውቅ ማን ወንበር ሰጠህ?” ወጣቱ ቀላ። መዓዛ እጄን ይዛ አስወጣችኝ።

ሐኪሟ ጩኸቴን ሰምታ ኖሮ አስጠራችኝ። አልተቆጣችም። “መሪጌታ፣ ያሉት ልክ ነው፤ እኛም የምንመረምረው ይህንኑ ነው” ብላ ጻፈች። በዚያው ሳምንት ራሴ ላይ ብዙ ሽቦ ያለው ቆብ አጠለቁልኝ። ምንም አያምም፤ አንጎል ሲሠራ የሚያወጣውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይለካል። ዝም ብለህ ትቀመጣለህ፤ አንድ ድምፅ ይደጋገማል፤ መሐል ላይ ሳታስበው ሌላ ይገባል። ሰውየው ልዩነቱን ባያውቀው እንኳ አንጎሉ ያወቀው እንደሆነ ሞገዱ ላይ ይታያል።

ያሳየችኝን በራሴ ቋንቋ ልንገራችሁ። የሰው አንጎል ልምምድ ከመጀመሩ በፊት እንኳ አንድ ዓይነት አይደለም። የወይዘሮ አንጓች አንጎል፣ እሳቸው ገና “በ” እና “ደ”ን ሳይለዩ፣ ልዩነቱ ሲመጣ ከውስጥ ይነቃ ነበር። ፈቅደውልኝ ነው ይህን የምጽፈው። የእኔ በፊደል ድምፅ ላይ ጭራሽ አልነቃም፤ ከሥሩ ነው የሚማረው። እኩል ብንደክም እኩል የማንደርሰው ለዚህ ነው። “ይህ ነገር ገና እየተጠና ነው” ብላ ጻፈች፤ “እስከየት እንደሚደርሱ አይነግረኝም። ሰነፍ አለመሆንዎን ግን ይነግረኛል።” ቀጥላም የፊደል ድምፅ ትታ ከፍ ዝቅ የሚል የክራር ድምፅ የመሰለ ነገር አሰማችኝ። የሞገዱን መስመር በጣቷ አሳየችኝ። እዚህ ላይ አንጎሌ በጥቂቱ ይነቃል፤ እኔ ግን አላወቅሁም ነበር።

“እንግዲያው በዜማ ልለማመድ” አልሁ። አሠልጣኙ በዚያ ክፍል እንደዚያ ያለ ልምምድ የለም አለ። ሐኪሟ ግን “አገርዎ ተማሪዎች አሉዎት አይደል?” ብላ ጻፈች። ልወጣ ስል ወይዘሮ አንጓች በሩ ላይ ቆመው በመዓዛ አጻፉልኝ። “መሪጌታ፣ እኔን አይዩ። ወሬውን አገኘሁት እንጂ ዘፈን የሚባል ነገር አልተመለሰልኝም። የልጄ ሠርግ ላይ ሰው ሁሉ ሲጨፍር እኔ የድስት ኳኳታ እየሰማሁ አጨበጨብሁ።” ስቀናባቸው የነበርሁት ሰውዬ በዚያ ቀን አብሬያቸው አዘንሁ።

አገር ስገባ ወሬው ቀድሞኛል። አርምሞ ሳይሆን የአንጎል በሽታ መሆኑ ታውቋል። ያ ጉልበቴን ይስም የነበረ ሰው ዞሮ ይሄድ ጀመር። አለቃ ይኄይስ ሰበካ ጉባኤውን ሰብስበው “ደንቆሮ መምህር ተማሪ ያጠፋል፤ ወንበሩ ለሌላ ይሰጥ” አሉ። ከሌላ ደብር አንድ መሪጌታም ለሙከራ አስመጡ። ጤነኛ ሳለሁ መምህር፣ ምን እንደሆንሁ ሳይታወቅ ቅዱስ፣ ሲታወቅ ደንቆሮ! አለቃን ቤታቸው ድረስ ሄጄ “እስከ መስከረም ይታገሡኝ” አልኋቸው። ወረቀት አምጥተው “ወንበሩ ባዶ አይቆምም” ብለው ጻፉልኝ። ይችን ለመጻፍ ወረቀት አላጡም!

ከተማሪዎቼ ደምስና ሁለት ጓደኞቹ አልተዉኝም። በየጠዋቱ ከቤቴ ጓሮ እንቀመጣለን። እኔ ድጓውን ከፍቼ ምልክቱን በዓይኔ እከተላለሁ። ደምስ አንድ መስመር በትክክል ያዜማል፤ ቀጥሎ ያንኑ መስመር አንድ ቦታ አበላሽቶ ያዜማል፤ ወይም ሳያበላሽ ይደግመዋል። እኔ የተለየ ነገር ካለ እጄን ማንሣት አለብኝ። መጀመሪያ ዝናብ ብቻ ነው። እጄን በከንቱ አነሣለሁ፤ ማንሣት ሲገባኝ ተቀምጣለች። ሦስቱም አንገታቸውን ይደፋሉ፤ እኔ እቆጣለሁ፤ “ድገም!” እላለሁ። መዓዛ “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” የምትል ተረት በስልክ ስትልክልኝ ስልኩን ልወረውረው ቃጣኝ። ብዙ ጊዜ ራሴን ተጠራጥሬአለሁ። ሐኪሟ አጽናናችኝ እንጂ ምናልባት የማይነቃ አንጎል ነው ያለኝ እያልሁ ውዬ አድራለሁ።

የሰኔ ዝናብ፣ እውነተኛው ዝናብ፣ ሲጀምር ነው የሆነው። ደምስ ሲያዜም አንድ ቦታ ላይ ድምፁ መንቀጥቀጥ ነበረበት፤ ርክርክ የምንለው ምልክት አለበት። ሳያንቀጠቅጥ ዘለለው። አንድ ነገር እንደጎደለ ተሰማኝ፤ የዕለት ቁርስ የጎደለ ያህል አወቅሁት። እጄ ራሷ ተነሣች። ደምስ አቆመ። “እዚህ ጋ” ብዬ ድጓው ላይ በጣቴ ነካሁ። ሦስቱም ዘለሉ። የሺ ከቤት እየሮጠች መጣች፤ ምን እንዳለች አልገባኝም፤ ፊቷ ግን በቅቶኛል። ተቀምጬ አለቀስሁ፤ ከዚያ “ድገም” አልሁት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተራመደ እንጂ አልሮጠም። መጀመሪያ ዜማ ተመለሰ፤ በዜማው ጀርባ ላይ ታዝሎ የሰው ቃል ቀስ እያለ መጣ። በወይዘሮ አንጓች ላይ የሆነው ተገለበጠ ማለት ነው። ፊት ለፊት ተቀምጦ ቀስ ብሎ የሚያናግረኝን እሰማለሁ። ገበያ ውስጥ፣ ስልክ ላይ፣ ሁለት ሰው እኩል ሲያወራ ግን ዛሬም ዝናብ ነው።

መስከረም ጠባና ደምስ ለቤተ ልሔም ምስክር ይሂድ አይሂድ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። አለቃ እንግዳውን መሪጌታና እኔን አስቀመጡ፤ ካህናቱም ተሰበሰቡ። ገብቶኛል፤ ፈተናው የደምስ ብቻ አልነበረም። ልጁ አዜመ። እንግዳው መሪጌታ ጥሩ ዐዋቂ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ሰምተው “ደርሷል” አሉ። እኔ አንድ መስመር ላይ ተጠራጠርሁ። “ድገም” አልሁት። ደገመ። አሁንም “ድገም” አልሁት። ካህናቱ እርስ በርስ ተያዩ፤ አለቃ አንገታቸውን ነቀነቁ። በሦስተኛው ያዝሁት፤ ድምፁ መውደቅ ያለበት ላይ ቀጥ ብሎ ያልፋል።

“አልደረሰም” አልሁ። “እዚች ላይ ድፋቱን ይስታል። ታርሞ ይሂድ።”

አለቃ ወደ እኔ ዞረው ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል እንዲገባኝ አድርገው ተናገሩ። “መሪጌታ፣ ሦስት ጊዜ ካልተደገመ የማይሰማ ጆሮ በአንድ ጊዜ የሰማውን ይሽራል?”

“ዘግይቼ ሰማሁ እንጂ ሳልሰማ አልተናገርሁም!” አልሁ። “በየትኛው ጉባኤ ቤት ነው ‘ድገም’ ማለት ነውር የሆነው?” አለቃ ግን “ይሂድ” ብለው ጉባኤውን በተኑ። ደምስ ዓይኔን እያየ ተጨነቀ፤ ሆኖም ያዘዙት አለቃ ናቸውና ስንቁን ቋጥሮ ሄደ። እንግዳው መሪጌታ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። እኔ እቤቴ ተቀምጬ፣ እውነት አልሰማሁ ይሆን እያልሁ ራሴን ስበላ ሰነበትሁ። እንዲያ ያደረጉኝን አልማራቸው አልሁ፤ ይቅር ይበለኝ።

ደምስ ተመለሰ። አቧራውን ሳያራግፍ ቀጥታ ወደ ቤቴ መጣና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። አፉን እንዳየው አድርጎ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። “መልሰውኛል፣ የኔታ። እዚያችው መስመር ላይ። አርመህ ና አሉኝ።”

ደስ አላለኝም። ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ የሄደው የእኔ ቃል ስላልታመነ ነው። አለቃ ይኄይስ ወሬውን ሰምተው ከካህናቱ ጋር መጡ። በሬ ላይ ቆመው እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። “መሪጌታ፣ ጆሮዎ ተመለሰ! ተአምር ነው! እኛስ መጀመሪያውንም...”

“ተአምር አይበሉ አለቃ!” አልኋቸው። ድምፄ በመንደሩ ሁሉ ተሰምቷል። “ተአምር አይደለም፤ ተምሬው ነው። ዘግይቼ፣ ተሰድቤ፣ ፊደል እንደ ሕፃን ቆጥሬ ተማርሁት። ተማሪ ሲማር አይተው አያውቁም?”

አለቃ እጃቸውን አወረዱ። አንድ ነገር በፍጥነት ተናገሩ፤ አልያዝሁትም።

“ይድገሙልኝ” አልኋቸው።

 አለቃ ቀረብ ብለው ፊት ለፊቴ ቆሙና እያንዳንዱን ቃል ለየብቻው አድርገው ደገሙት። “ወንበሩ የእርስዎ ነው። ነገ ይመለሱ።”

“ነገን ማን አየ?” አልሁና ወደ ደምስ ዞርሁ። ድጓውን ጉልበቴ ላይ ከፈትሁ። ካህናቱ በሩ ላይ እንደቆሙ ናቸው።

“በል፣ ከመስመሩ መጀመሪያ” አልሁት።